የሐጂ ባስኩላና የአንገቴ ጡንቻ

«ባስኩላዎ ታሟል፣ ሐጂ! ሌላ ምን ልበል?»

«ባስኩላዬን ተወውና ልጁን እየው።»

«ልጁንማ በየቀኑ ነው የማየው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ብረት ላይ ቆሞ ዘጠና ስድስት ነበር። ዛሬ ዘጠና ሦስት ይለኛል። ሰው በሰባት ቀን ሦስት ኪሎ የት ይጥላል? ሊማሊሞ ገደል ላይ አራገፈው?»

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህ ባስኩላ ሠላሳ ዓመት እህል መዝኛለሁ። ከጃናሞራ አህያውን ነድቶ የመጣ ገበሬ አንድ ቀን ‹ሐጂ አጎደሉብኝ› ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ አንተ፣ ሰው መደብደብ የምታስተምር፣ ደጄ ላይ ቆመህ ሌባ ልትለኝ ነው?»

«ሌባ አላልኩም። ታሟል ነው ያልኩት!»

እኔ ባስኩላው ላይ በቁምጣ ቆሜያለሁ። ወሩ ሐምሌ ነው። የደባርቅ ጭጋግ መጋዘኑ ውስጥ ገብቶ ከጆንያዎቹ ጋር ተደርድሯል። ገብስ ሊሸጡ የመጡት ሰዎች በጋቢያቸው እስከ አፍንጫቸው ተጠቅልለው ያዩኛል። ከእኔ ግንባር ላብ ይወርዳል። ‹ይሄ ልጅ በዚህ ብርድ ለምን ያልበዋል?› ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ክርክሩ ሁሉ ስለ ባስኩላው ነበር።

ሐጂ ኑርሑሴን በመጨረሻ ተቆጡ። እኔን አስወረዱና ከፋብሪካ ከነስፌታቸው የመጡ ሁለት ባለ ሃምሳ ኪሎ የስኳር ከረጢቶች አስጫኑበት። ብረቱ ተንቀጠቀጠ፣ ረጋ፣ ልክ መቶ ላይ ቆመ። ሐጂ ጢማቸውን ብቻ ነካ ነካ አደረጉ።

አሰልጣኜ ጋሽ አያሌው ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አዩ። ከዚያ ፊታቸው በራ።

«እንግዲያው ስቡ ነው የሄደው! ልምምዱ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ቀለለ ማለት ፈጠነ ማለት ነው።» በትልቁ እጃቸው አንገቴን ከፊት ለፊት ያዙና ወደ ገብስ ሻጮቹ አዞሩኝ። «ይህንን አንገት እዩልኝ! ይህ በእጄ የተሠራ አንገት ነው።»

ሰዎቹ አዩልን። እኔም ደረቴን ነፋሁ። አራት ወር የፈጀው ስህተታችን የጀመረው እንደዚህ ነው፤ በጭብጨባ።

ማሩ እባላለሁ፤ ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ቀን ቀን ሐጂ መጋዘን ጆንያ አወርዳለሁ፣ እጭናለሁ፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ በወጣቶች አዳራሽ ቦክስ እለማመዳለሁ። በመሃል ግጥም እጽፋለሁ። ግጥሙን ያስተማረኝ የለም፤ አንዳንዶች እንዳልተማርኩ ያስታውቃል ይላሉ። በደባርቅ ልጆች መካከል ከዘጠና ኪሎ በላይ የምመዝን ቦክሰኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። የዚህ አገር ሰው ቀጭን ነው፤ ዳገቱ አያወፍርም። ስለዚህ ከጥምቀት በኋላ ጎንደር ላይ ለሚደረገው ውድድር ክለባችን በከባድ ሚዛን የሚያቀርበው ሰው ሌላ አልነበረውም። ከዘጠና በታች ከወረድኩ ግን ከባድ ሚዛንነቴ ቀረ።

ጋሽ አያሌው በወጣትነታቸው ለሠራዊት ክለብ በከባድ ሚዛን የተጫወቱ ናቸው። ያን ጊዜ ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነበር፤ ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ አዳራሽ ይገባል። የሚሰጡን ትምህርት አጭር ነበር። «ከባድ ሚዛን ሦስት ነገር ነው፤ ክብደት፣ ዕድሜ፣ ትንፋሽ። ሁለቱ ካሉህ ሦስተኛውን ታስመስላለህ። አንዱ ብቻ ከቀረህ ጓንትህን አውልቅ» ይሉናል። ክብደቱ ቡጢውን ይሸከመዋል። ወጣትነት ዓይንንና እግርን ያፈጥናል። ትንፋሽ ደግሞ ሁለቱን እስከ ሦስተኛው ዙር ያደርሳቸዋል። ለእሳቸው የቀረው የትኛው እንደሆነ የጠየቃቸው ግን የለም። ባስኩላ ላይ ውጡ ስንላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ «አሰልጣኝ አይመዘንም።»

ለአንገት ልዩ ፍቅር ነበራቸው። ወፍራም አንገት ቡጢ ሲያርፍበት ጭንቅላትን ይይዛል ብለው ከመኪና ቀበቶ ማሰሪያ ሠሩልኝ። በጭንቅላቴ ላይ አስሬ ከታች ድንጋይ አንጠለጥልና አንገቴን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አነሳዋለሁ። አንገቴ ወፈረ። የሸሚዜ የላይኛው ቁልፍ አልዘጋ አለ። እናቴ ለቱሪስት የሱፍ ኮፍያ ትሠራለች፤ ሰው ስትለካ ዓይኗ አይስትም። አንድ ቀን «አንገትህ ከፊት ነው የወፈረው፤ የበሬ አንገት ከኋላ ነው» አለችኝ። ሳቅኩባት። ምነው ባልሳቅኩ።

የመጀመሪያው ምልክት ደስታ ይመስል ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ ዳባት ላይ የወዳጅነት ግጥሚያ ነበረን። ተጋጣሚዬ ከእኔ በስምንት ኪሎ የሚበልጥ ልጅ ነው። እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም። ግራ እጄ እየሄደ ይመለሳል፣ እሱ ገና ሲያስብ እኔ ሌላ ቦታ ነኝ። በሁለተኛው ዙር ዳኛው አስቆመው። የዳባት ሰዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡልኝ። «አየህ?» አሉ ጋሽ አያሌው። «ሦስት ኪሎ ጣልክ፣ ሦስት ሰው ሆንክ።»

ከዚያ ሻይ ቤት ገባን። ብርጭቆውን ሳነሳ እጄ ተንቀጠቀጠና ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነሳውም ፈሰሰ። ልጆቹ «የቡጢው ትኩሳት ገና አልወጣለትም» ብለው ሳቁ። ልቤ ግን ግጥሚያው ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላም እዚያው ሪንግ ላይ ነበር።

ቀጥሎ ረሃብ መጣ። እንደዚያ በልቼ አላውቅም። ገንፎውን ከነድስቱ እጨርሳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ከሐጂ ጆንያ ጥሬ ገብስ እየዘገንኩ እቆረጥማለሁ። እየበላሁ እከሳለሁ። ዘጠና አንድ። ዘጠና። በጭጋግ ውስጥ በካናቴራ ስሄድ ሕፃናት ይከተሉኝ ጀመር። እናቴ «የፍልሰታ ጾም ነው የጎዳህ» አለች። ጾሙ ተፈታ፣ ዶሮውም ተበላ፣ እኔ ሰማንያ ስምንት ገባሁ።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወሰደና ታይፎይድና ታይፈስ ሁለቱም አሉብህ አለኝ። አሥር ቀን መርፌ ተወጋሁ። ሁለተኛው ጨጓራ ነው አለ፤ ነጭ ሽሮፕ ሰጠኝ፣ በርበሬ ከለከለኝ። ሦስተኛው ጋ ያገኘሁት ባለሙያ ሥራዬን ጠየቀኝ። ጆንያ፣ ቦክስ፣ ግጥም አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠና «ጭንቀት ነው። ግጥሙን ቀንስ» አለኝ። ብዙ ሰዎች ግጥሜን ሰምተው ተመሳሳይ ምክር ሰጥተውኛል፤ በመድኃኒት ማዘዣ ሲሆን ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም ይህን የማነሳው። እኔ ራሴ የምነግራቸውን መርጬ ነበር። የሚርበኝን፣ የሚያልበኝን፣ እጄ የሚንቀጠቀጠውን ለየብቻ ለተለያየ ሰው ነገርኩ። ሁሉንም በአንድ ላይ የሰማ ሐኪም አልነበረም። የምታነቡኝ ሰዎች ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ፤ ሁሉንም ለአንድ ሰው ንገሩ፤ የሚያሳፍራችሁንም ጨምራችሁ።

እናቴ ጠበል ወሰደችኝ። ጠጣሁ፣ ተጠመቅኩ፤ ውሃው ሲነካኝ ያረፍኩት እውነት ነው፤ ሰውነቴ እሳት ነበርና። የንስሐ አባታችን ግን መስቀሉን ካሳለሙኝ በኋላ እጄን ያዙና መንቀጥቀጡን አዩ። «ጠበሉን ጠጣ ልጄ። ሐኪም ዘንድም ሂድ። ሁለቱንም የሰጠን አንድ ጌታ ነው» አሉኝ። ለእናቴ ይህን የሚላት ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አትሰማውም ነበር። እኔ ግን ከሦስት ክሊኒክ በኋላ ሌላ ሐኪም ማየት ሰልችቶኝ ነበር።

ከሁሉ የከፋው መኝታ ነው። ትራሱ ላይ ጆሮዬን ስጥል ልቤን እሰማዋለሁ፤ ድም ድም ድም፣ ሳይደክም። ተኝቼ የምሮጥ ሰው ሆንኩ። ግድግዳው አጠገብ እናቴ ትተነፍሳለች፤ እሷ አንድ ጊዜ ስትተነፍስ የእኔ ልብ ስንት ጊዜ እንደሚመታ እቆጥርና ስፈራ መቁጠሩን አቆማለሁ።

ጆንያ ማንሳት ሲያቅተኝ ሐጂ አልገሠጹኝም። መርፌና ሲባጎ ሰጥተው «ተቀምጠህ የተቀደደውን ስፋ» አሉኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለምሰፋ ስፌቴ ጠመዝማዛ ነበር። «ይህ ስፌት የሊማሊሞን መንገድ ይመስላል» ይሉኝና ያልፋሉ። አንድ ቀን በወረቀት ቁራጭ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላቸው፦

ሚዛን ስንት እንደሆንኩ ይናገራል እንጂ፣
የጎደለው የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም፣ ሐጂ።

መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ከባስኩላው በላይ ግድግዳው ላይ በሙጫ ለጠፉት። እስካሁን እዚያ አለ። የታተመልኝ የመጀመሪያ ሥራ ብዬ እቆጥረዋለሁ።

ኅዳር ላይ ጋሽ አያሌው ትዕግሥታቸው አለቀ። እሳቸው ያዩት ወጣት፣ ቀላል፣ ስምንት ወር የሠለጠነ ልጅ ነው፤ ከሊማሊሞ የመጀመሪያው መታጠፊያ ተነስቶ ወደ ከተማው መሮጥ ያቃተው። ስንፍና መሰላቸው። «ሴት ይዘሃል?» አሉኝ። «ጫት ጀመርክ?» ሁለቱንም ካድኩ። «እንግዲያው ና!» ብለው ጓንት አጠለቁ።

የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነበሩ። አይሮጡም፣ አይዘሉም። መሃል ላይ ቆመው እኔ እንድመጣ ይጠብቃሉ። ስመጣ ሙሉ ሰውነታቸውን እላዬ ላይ ያሳርፋሉ፣ ይገፉኛል፣ አጭር ቡጢ ጎኔ ላይ ያኖራሉ፣ እንደገና ይደገፉኛል። ክብደት እንዴት እንደሚያደክም ያን ቀን አወቅኩ። በመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ጭኔ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሁለተኛው ዙር ማንም ሳይመታኝ ተቀመጥኩ። እግሬ ብቻውን ወሰነ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ጡረተኛ ደበደበው!» አለ አንዱ። «ማሩ፣ በዚህ ላይ ግጥም ጻፍበት!» አለ ሌላው።

ጋሽ አያሌው አልሳቁም። ጓንታቸውን በጥርሳቸው ፈትተው ጣሉና መዳፋቸውን ደረቴ ላይ አኖሩ። ቆዩ። ልጆቹን ዝም አሰኟቸው። አሥር ደቂቃ ያህል አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡና እንደገና ደረቴን ያዙ። የእሳቸው ትንፋሽ ተመልሷል። የእኔ ልብ እንዳለ ነው።

«ይህ ልብ ሩጫ ላይ ነው» አሉ በቀስታ። «አንተ ግን ተቀምጠሃል። በሃያ አራት ዓመትህ ከእኔ በፊት መቀመጥ አልነበረብህም። ታመሃል፣ ልጄ። እኔ ደግሞ ከእህል ነጋዴ ባስኩላ ጋር ስጣላ ከረምኩ።»

ያን ማታ ቤታችን መጡ። እናቴ ከበሩ አላሳለፈቻቸውም። ሌላ ጊዜ «እርስዎ» ትላቸው ነበር።

«አንተ ነህ የገደልክብኝ! ጭንቅላቱን እያስደበደብክ!»

«እትዬ ዘውዴ፣ ነገ ጠዋት ሆስፒታል ልወስደው ነው የመጣሁት።»

«አንተ? አንተ ሆዴ የምትለውን ነገር አንድ ቀን አስለክተህ ታውቃለህ? ስትተነፍስ ከመንገድ ይሰማል፣ የእኔን ልጅ ሐኪም ጋ ልትወስድ!»

ጋሽ አያሌው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰሟት። «ልክ ነሽ» አሉ። «ስድቡን ነገ መንገድ ላይ ጨርሺልኝ። ሦስታችንም እንሂድ።»

ሆስፒታሉ ገና ከጠዋቱ ሞልቷል። አግዳሚው ላይ ከአምባራስ የመጡ እማማ ትርንጎ የሚባሉ አሮጊት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሌሊት በጭነት መኪና እንደመጡ፣ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ነገሩኝ። አንገታቸው ላይ የድንች ያህል እንቅርት አለባቸው፤ በነጠላቸው አይሸፍኑትም። ጋሽ አያሌው እንደ ልማዳቸው ወሬ ጀመሩ። «ቦክሰኛ ነው፣ እማማ። አንገቱን እዩት፤ በድንጋይ ነው ያሳደግኩት።»

እማማ ትርንጎ አዩኝ። ብዙ አዩኝ። ከዚያ የያዙትን የውሃ ጠርሙስ ሰጡኝ።

«ጠጣ እስቲ፣ ልጄ።»

ጠጣሁ።

«አሁንም ጠጣ። ቀና በል።»

አገጬን አንስቼ ዋጥኩ። አሮጊቷ ጣታቸውን ጉሮሮዬ ላይ ሳይነኩ ቀሰሩና ከፍ፣ ዝቅ አደረጉት።

«ይሄው። ስትውጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። የእኔም እንዲሁ ነው። ጡንቻ ውሃ ሲዋጥ ይወጣል እንዴ፣ አያ?» አሏቸው ጋሽ አያሌውን። «ይሄ እንቅርት ነው። በድንጋይ አላሳደግኸውም።»

ጋሽ አያሌው ጎንበስ ብለው አንገቴን እንደ አዲስ አዩ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቅኩም፤ በኋላ ስጠይቃት ሁለቱም ነው አለችኝ። እኔ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ከሐምሌ ጀምሮ ያለስም የሚያሳድደኝ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ስም አገኘ፤ ስሙንም የሰጡት ጉልበታቸውን ሊታከሙ የመጡ ሴት ናቸው።

ውስጥ ያገኘኋት ዶክተር ከእኔ ብዙ የማትበልጥ ወጣት ነች። በዚህ ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ረሃቡን፣ ላቡን፣ ሻዩን፣ ትራሱን። እጄን አስዘርግታ ላዩ ላይ ወረቀት አስቀመጠችበት፤ ወረቀቱ እንደ ቅጠል ተርገበገበ። ከዚያ ጎንደር ላከችኝ፤ የሆርሞኑ ምርመራ እዚያ ነበር የሚሠራው። ለጉዞውና ለምርመራው እናቴ የክረምቱን ኮፍያዎች በሙሉ በአንድ ቀን ለአንድ ሰው በርካሽ ለቀቀቻቸው።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ። አንገት ፊት ለፊት የቢራቢሮ ቅርጽ ያለው ታይሮይድ የሚባል ዕጢ አለ። ሰውነት በምን ፍጥነት እንደሚሠራ የሚያዘው እሱ ነው። የእማማ ትርንጎ ዓይነት እንቅርት በአብዛኛው አዮዲን ከሌለው ጨው የሚመጣ ነው፤ ተራራማ አገር ላይ የተለመደ ነው። የእኔ ግን ሌላ ነው። ሰውነቴ በስህተት የራሱን ዕጢ እየጎነተለ ከመጠን በላይ ያሠራዋል። «ሞተርህ ቆመህም ከፍተኛ ማርሽ ላይ ነው» አለችኝ። «የጠፋው ኪሎ ስብ ብቻ አይደለም። ጡንቻህን ነው ያቃጠልከው። ለዚህ ነው እግርህ የከዳህ።»

«ዳባት ላይ ግን ፈጥኜ ነበር» አልኳት።

«መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ይመስላል። ቤት ሲቃጠልም መጀመሪያ ይሞቃል።»

«ጥር ላይ ውድድር አለኝ።»

«በዚህ ልብ ሪንግ ላይ ከወጣህ ከተጋጣሚህ በፊት ልብህ ይጥልሃል። ጥርን እርሳው። ቦክስን እርሳው ግን አላልኩህም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደብተሬ ላይ ጻፍኳት፤ ለብቻዋ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ላይ።

ሁለት ዓይነት ክኒን ተሰጠኝ፤ አንዱ ዕጢውን የሚያረጋጋ፣ ሌላው ለጊዜው ልብን የሚያዘገይ። አንድ ማስጠንቀቂያ ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ፤ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም በአንድ ላይ ከመጣብኝ ክኒኑን አቁሜ በዚያው ቀን ደም መመርመር አለብኝ፤ መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የሰውነትን መከላከያ ያወርዳል። ይህን መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ ሐኪማችሁን ስለዚህ ጠይቁ። ደግሞ ስለተሻላችሁ ብቻ አታቁሙ።

ስንመለስ ጋሽ አያሌው ከእኔ ቀድመው አዳራሽ ገቡ። ያንን የአንገት ማሰሪያ ከሚስማሩ አወረዱት። ከነድንጋዩ ይዘውት ወጡ፤ የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።

ጥምቀት አለፈ። ውድድሩም አለፈ። ክለቡ በከባድ ሚዛን ማንንም ሳያቀርብ ተመለሰ። በዚያ ሳምንት ከቤት አልወጣሁም፤ መቀመጥ የማይችል ሰው ተቀመጥ ሲባል ምን እንደሚሆን እናቴን ጠይቋት። የጀመረቻቸውን ኮፍያዎች ሁሉ እየተረተርኩ «ይህ ቀለም ከዚያ ጋር አይሄድም» እላት ነበር። አንድ ቀን ክሩን ከእጄ ነጥቃ «ግጥምህን ጻፍ! የኔን ሱፍ ተው!» አለች። ጻፍኩ። በዚያ በጋ ሦስት ደብተር ሞላሁ። ሁለቱ አይረቡም።

በመጋቢት መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ተዘጋና ክኒኔ ሊያልቅ አምስት ቀን ቀረው። ለሐጂ አልነገርኳቸውም፤ እናቴ ነገረቻቸው። በአራተኛው ቀን የስፌት መርፌዬ ያለበትን ቆርቆሮ ስከፍት ሁለት ካርቶን መድኃኒት አገኘሁ። የማን ሹፌር እንዳመጣው፣ በየት በኩል እንደመጣ አልነገሩኝም። «ስፌትህ ተስተካክሏል» ብቻ አሉኝ። እውነትም ያን ሰሞን እጄ ጸጥ ብሎ ነበር፤ እኔ አላስተዋልኩም፣ ስፌቱን የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

የመዳኔን ቀን ግን እኔ አውቀዋለሁ። ግንቦት ላይ ዝናብ የጣለበት ምሽት ነው። ደጅ ተቀምጬ እያነበብኩ ነበር። አንድ ነገር ጀርባዬን ያዘው። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ረስቼው ነበር።

«እማዬ» አልኩ፤ «በረደኝ።»

ከውስጥ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። እናቴ ባናውን ይዛ እየሮጠች ወጣች፤ ያንን ከባድ የሱፍ ብርድ ልብስ። እላዬ ላይ ጠቅልላ አሰረችኝ፤ ትስቃለች፣ ትመርቃለች። «በረደው!» ብላ ለጎረቤት ተጣራች። «ማሩ በረደው!» ጎረቤቶቻችን ያን ቀን ያበደች መስሏቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ኪሎው ቀስ እያለ ተመለሰ። በየወሩ ደም ተመረመርኩ፤ በኋላ በሁለት ወር፣ ከዚያ በሦስት ወር አንዴ። አንገቴ ጎደለ፤ የሸሚዜ ቁልፍ ተዘጋ። ዶክተሯ በመጀመሪያ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሩጫ፣ ከዚያ ከረጢት መምታት ፈቀደችልኝ። የጠፋ ጡንቻ በምግብ ብቻ አይመለስም፤ ከዜሮ ተነሳሁ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጆች በዳገት ሲያልፉኝ አንገቴን ደፍቼ ሮጥኩ። ከታመምኩበት ቀን አንስቶ ዓመት ከምናምን አለፈ። ባለፈው ሳምንት ሐጂ ባስኩላ ላይ ቆምኩ፤ ዘጠና አራት። ሐጂ ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡና «ባስኩላዬ ድኗል» አሉ።

ጥር እንደገና እየመጣ ነው። ዶክተሯ ደሙን አይታ፣ ልቤን አድምጣ፣ «ከባድ ልምምድ ሞክር፤ ከዚያ እንነጋገራለን» አለችኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ለጋሽ አያሌው ነገርኳቸው። ሁለት ጥንድ ጓንት ይዘው መጡ።

«ሦስት ዙር» አሉኝ። «ያኔ የሞከርኩህ እኔ ነኝ፣ አሁንም እኔ እሞክርሃለሁ።»

በመጀመሪያው ዙር እንደ ድሮው መሃል ላይ ጠበቁኝ። ሊደገፉኝ መጡ፤ አልነበርኩም። እንደገና መጡ። በዚህ ጊዜ ቆሜ ተቀበልኳቸው። ያ ሁሉ ክብደት ደረቴ ላይ አረፈ፣ እግሬም ያዘው። ያዘው! ያንን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። አንድ ሰው ሲደገፍህ ሳትወድቅ መቆም ምን ያህል ደስ እንደሚል ያልወደቀ አያውቀውም።

በሁለተኛው ዙር መሃል እጃቸው ወረደ። ግራ እጄን ልኬ ግንባራቸው ጋ ስደርስ አቆምኩት። ወደ ኋላ ሄዱና ገመዱን ያዙ። ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከንፈራቸው አመድ መስሏል፤ ትንፋሻቸው ያፏጫል።

ጓንቴን በጥርሴ ፈትቼ ጣልኩ። አጠገባቸው ተቀምጬ መዳፌን ደረታቸው ላይ አኖርኩ። እጄን ሊያነሱ ሞከሩ፤ አላነሳሁም። ቆየን። የአዳራሹ ቆርቆሮ በነፋስ ይንኳኳል።

«ይህ ልብ ሩጫ ላይ ነው» አልኳቸው። «እርስዎ ግን ተቀምጠዋል።»

«ዕድሜ ነው።»

«የእኔንም ጾም ነው ብለን ነበር፣ ጋሼ።»

«አሰልጣኝ አይመዘንም።»

«እማዬ ያኔ የነገረችዎትን ልድገምልዎ?»

በጎን አዩኝ። ከዚያ ሆዳቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ እስኪያልፍ ትከሻቸውን ይዤ ጠበቅኩ።

«ክብደት፣ ዕድሜ፣ ትንፋሽ» አሉ በመጨረሻ፤ ወለሉን እያዩ። «አንተ ሦስቱም አሉህ። ጥር ላይ ትወጣለህ። እኔ አንዱ ብቻ ነው የቀረኝ፤ እሱንም ስንት እንደሆነ አላውቀውም።»

ገመዱን ይዘው ተነሱ። ላግዛቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ጓንታቸውን አወለቁና ጭኔ ላይ አኖሩት። ካፖርታቸውን ለበሱ፣ ቁልፎቹን ሆዳቸው ላይ ሊዘጉ ሞክረው ተዉት።

«ሐጂ መጋዘኑን እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?»

«እስከ አሥራ ሁለት።»

«ሆስፒታሉስ ጠዋት?»

«ሁለት ሰዓት። በሁለት አብረን እንሄዳለን።»

«እንሄዳለን። ባስኩላው ጋ ግን አትከተለኝ» አሉ። «ቁጥሩን ብቻዬን ልየው።»

ወጡ። የቆርቆሮው በር ወለሉን እየፋቀ ሄደና ከኋላቸው ተዘጋ።